ጠሪዋ

ማናልሞሽ ጓሮ ፊቷን ታጥባ ፎጣውን ከገመድ ላይ ስታወርድ፣ እናቷ ሳሎን ውስጥ ከእሷው ከማናልሞሽ ጋር ስታወራ ሰማች። «የለም እኮ አልኩሽ!» ይላል የእናቷ ድምፅ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው ሻከር ብሎ። «ቴዲ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል።» ቀጥሎ የማናልሞሽ የራሷ ድምፅ፣ እየተለሳለሰ፣ እየተጎተተ፣ «ልጄ፣ የት ነህ? ድምፅህን አሰማኝ» ይላል። ማናልሞሽ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። አፏ ተዘግቷል። ፎጣው አምልጧት ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ የቦካው ጭቃ ላይ ወደቀ፤ እሷ ግን አላነሳችውም። ውስጥ እናቷ ተቆጣች፦ «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ፣ የለም እያልኩሽ!» ይኼኔ ያ የራሷ ድምፅ፣ ጆሮ ሥር እንደሚያንሾካሹክ ሰው ዝቅ ብሎ፣ «አገኘሁህ» አለ። ወዲያው ቤቱን የሚሰነጥቅ ጩኸት ተከተለ። የጩኸቱ ግማሽ የእናቷ ነበር።

ሮጣ ስትገባ እናቷን ከሶፋው ጥግ ተለጥፋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አየሩን ስትገፋ አገኘቻት። እናቷን፣ ወይዘሮ ጥሩነሽን፣ ሞራ ሁለቱንም ዓይኗን ከጋረዳት ቆይቷል፤ ሰው የምትለየው በድምፅና በኮቴ ነው። የሻይ ብርጭቆው ተደፍቶ ሻዩ ከጠረጴዛው ልብስ ላይ ወደ ምንጣፉ ይንጠባጠባል። ቡፌው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ የተቀመጠው የወንድሟ የቴዲ ስልክ ጥቁር ዛፎች እያሳየ ያበራል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ማናልሞሽ። እናቷ ይባስ ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ታዲያ ያችኛዋ ማን ነበረች?» አለች።

ቴዲ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። የዳቦው ዋጋ ሳይቀንስ መጠኑ እንደገና ማነሱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስልኩን በእህቱ እጅ ሲያይ ዘጋው። ጥፋት እንደሌለበት፣ ግን ጥፋቱን እንደሚያውቅ ሰው ዳቦውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጌም ነው አላት። «ጠሪዋ» ይባላል። በጨለማ ጫካ ውስጥ ትሄጃለሽ፤ እሷ ትፈልግሻለች። ስልኩ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከተናገርሽ፣ ከሳልሽ፣ ጮክ ብለሽ ከተነፈስሽ መጥታ ታገኝሻለች። ዝም ካልሽ ግን አጠገብሽ ቆማ ቆማ ታልፍሻለች። ይህን ሁሉ ሲያስረዳ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ሰፈሩ ያውቃል?»

ቴዲ ዳቦውን መቁረስ ጀመረ። ፋሲካ ካለፈ ወር ሊሆነው ነው፤ በዚህ ወር ውስጥ እህትና ወንድም በየማታው አንድ ገበታ ቀርበው በልተዋል፣ ስለ መብራቱ መጥፋት፣ ስለ እናታቸው የዓይን ሕክምና፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አውርተዋል። «ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የተለመነ ሰው ሳይሆን የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። ሦስቱም ዳቦአቸውን በሉ። እናቷ ቴዲን በሁለታቸው መካከል እንዲቀመጥላት አደረገች፤ ማናልሞሽ ሻይ ስትቀዳላት የእናቷ ጣቶች የእጇን ጀርባ፣ አንጓዋን፣ ቀለበት የሌለበትን ጣቷን አንድ በአንድ ሲዳስሱ ዝም ብላ ተዳሰሰች።

ሌላ ቀን እስከምታስተምርበት አፀደ ሕፃናት ያለውን መንገድ ግራ ቀኝ ሰላምታ እየሰጠች ነበር የምትሄደው። ዛሬ አንገቷን ደፋች። ጭቃውን የምትመርጥ መሰለች እንጂ መንገዱን አላየችውም። ሳይገባት ያለፋት ነገር ሁሉ አሁን ከየጓዳው እየወጣ ፊት ለፊቷ ይቆም ጀመር። ሙዝ የምትሸጠው ልጅ «ስንት ነው ኪሎው?» ስትላት ሚዛኑ ከእጇ ያመለጣት ለካ ለዚህ ነው። ባጃጅ ተራው ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች «እንዴት አደራችሁ» ስትላቸው ተያይተው፣ አንዱ ትከሻውን ሰብቆ፣ ሌላው ስቆ የዞረው ለካ ለዚህ ነው። ጎረቤቷ በአጥር በኩል ስትጠራት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ውስጥ የገባችው፣ ኋላ «አልሰማሁሽም ነበር» ያለችው፣ ለካ ሰምታለች። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሰው ሁሉ እሷን በኪሱ ይዟት ይዞራል። አልጋ ውስጥ ይዟት ይገባል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይሰማታል፣ ይደነግጥባታል። እሷ ብቻ አታውቅም ነበር።

የኸይሩ ኮፒ ቤት አሁን በሩን መክፈቱ ነበር። ኸይሩ የወረቀት ካርቶን እየጎተተ ሲያያት እጁን ለሰላምታ እስከ ግማሽ አነሳና አወረደው። እሱም ያውቃል ማለት ነው። ጉሬዛ የተባለው የጌም ኩባንያቸው የተወለደው በዚህ ሱቅ ጀርባ ባለችው፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ በምትከፈተው ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ነበሩ። እንድርያስ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ሲናገር ሰው የማያይ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ኸይሩ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የከተሙ ነጋዴ ናቸው፤ ክፍሉንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅም የቻለ እሱ ነው። ማናልሞሽ ደግሞ ተረት ታውቃለች፤ ድምፅ አላት። ከዚያች ክፍል መስኮት ትይዩ ካለው ዛፍ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንዠርግገው ፀሐይ ይሞቁ ነበርና የኩባንያው ስም ጉሬዛ ሆነ። የመጀመሪያው ጨዋታቸው የሕፃናት ነበር፦ ግልገሏ የጠፋባት ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ትፈልገዋለች፣ የምትጫወተው ሕፃን ፊደል እየለቀመች መንገዱን ታሳያታለች፣ በመጨረሻ እናትና ልጅ ይገናኛሉ።

ድምፁን ለመቅዳት የጨነቃቸው ነገር ቢኖር ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው የሰውን አይሰማም፤ ዝናቡ ሲያባራ ባጃጅ ይጮኻል፣ ባጃጁ ሲያልፍ ጄኔሬተሩ ያጓራል። የቡና ጆንያ ሰብስበው ግድግዳውን ሁሉ ሸፈኑት፤ ማናልሞሽ በዚያ የጆንያ ዋሻ ውስጥ ገብታ አቧራው እያስነጠሳት ስትጠብቅ ትውል ነበር። እንድርያስ «እናት ሁኚ» አላት። የማንም እናት አልነበረችም። ግን በልጅነቷ ቅዳሜ ገበያ መሀል ጠፍታ፣ እናቷ በሰው መሀል ድምፅዋን አሻግራ ስትጠራት የሰማችውን አስታወሰችና «ልጄ፣ የት ነህ? ድምፅህን አሰማኝ» አለች። «አገኘሁህ» የሚለውን ስትናገር በእውነት አልቅሳለች። ሌላ ጊዜ መድገም አላስፈለጋትም። ጨዋታው ከስልክ ስልክ ተላልፎ ቴፒ ደረሰ፣ ማሻ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ተሸለመ። ከሽልማቱ ኋላ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መጡ፤ ኩባንያው አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ቢሮ ተከራየ፤ እንድርያስ ሄደ፤ ኸይሩ «ሱቄን ለማን ጥዬ» ብሎ ቀረ፤ ማናልሞሽ በእናቷ ዓይን ምክንያት ቀረች፤ ፈርሚ የተባለችውን ወረቀት ፈረመች። ቀስ በቀስ ስሙን በእንግሊዝኛ ለወጡት፤ ጉሬዛዋ ከምልክቱ ላይ ወረደች። ኋላ እንድርያስም ድርሻውን ሸጦ በገዛ ቤቱ ተቀጣሪ ሆነ አሉ። ጆንያው ግን እስከ ዛሬ አልተነሳም፤ ኸይሩ ክፍሉን መጋዘን አድርጎታል።

ከኮፒ ቤቱ ትንሽ እልፍ ብላ፣ ሰው የሌለበት አጥር ሥር ቆማ ደወለችለት። እንድርያስ ከመጀመሪያው ጥሪ አነሳው፤ ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ሲጠብቅ የከረመ ይመስል ነበር።

«ማኑ» አለ። «ሰማሽው እንዴ?»

ሰላምታም አልተለዋወጡም። ማናልሞሽ በሹክሹክታ እየተናገረች መሆኑን ያወቀችው እሱ «አልሰማሽም፣ ጮክ በይ» ሲላት ነው። ድምፅዋን ከጌሙ ማጥፋት ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። አልችልም አላት፤ እኔ እዚያ ቤት ደሞዝተኛ ነኝ፤ አዲሶቹ ሰዎች ከጥንት የነበረውን ነገር ሁሉ ሲያገላብጡ ያንቺን ድምፅ አገኙት፣ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ ትንሽ ዘገም አድርገው ጫካውን አጨለሙት እንጂ። ድምፁ ከቤቱ ጋር ነው የተሸጠው አላት። ማናልሞሽ አጥሩን ያዘች። «የጌሙን ሁለተኛ ክፍል እየሠሩ ነው» ብሎ ቀጠለ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሊጨርሰው እንደቸኮለ፤ «አዲስ ቃላት እንድትቀጂላቸው ይፈልጋሉ። ደህና ይከፍላሉ፤ እኔ ልንገራት ብያቸዋለሁ።»

«ያንተ ልጅ ትጫወተዋለች?» አለችው።

ከወዲያ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። «የኔ ልጅ?» አለ በመጨረሻ፤ «እኔማ አላስነካትም።» ማናልሞሽ ስልኩን ዘጋችው። እንድርያስ ራሱ ይፈራታል ማለት ነው።

አፀደ ሕፃናቱ ከከተማው ዳር፣ ከኋላው የቡና ማሳ ይዞ፣ ከማሳው ወዲያ ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ደኑ ያለበት ነው። ክፍል ስትገባ ሕፃናቱ ተነሱ። «እንደምን አደራችሁ ልጆች» ማለት ነበረባት። ለወትሮው በአንድ ድምፅ «ደህና እግዚአብሔር ይመስገን ቲቸር» ብለው ጣሪያውን ያነሱታል፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን መልሱ እየሳሳ፣ ግማሾቹ አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ እንደነበር አሁን ታወቃት። ጉንፋን መስሏት ነበር። ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፤ በወረቀት የተቆረጡት ቢራቢሮዎች፣ በቀለም የተጻፈው ሀ ሁ፣ ትንንሾቹ ወንበሮች፣ የሚያዩዋት ዓይኖች። ድምፅዋን በተቻላት መጠን አቅጥና፣ የሌላ ሰው አስመስላ ሰላም አለቻቸው። ይኼ የባሰ ሆነ። ትዝታ የተባለችው ልጅ፣ የባጃጅ ሾፌሩ የገሠሠ ልጅ፣ ጆሮዋን በሁለት መዳፏ ደፍና ዓይኖቿን ጨፈነች። እናቷ ዐረብ አገር ናት። አባቷ ከትምህርት ቤት ሲያወጣት እስከ ማታ ባጃጁ ውስጥ ከኋላ አስቀምጧት ይዞራል፤ ዝም እንድትልለት ስልኩን ይሰጣታል። ማናልሞሽ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት፣ ከወንበሩ ሥር ውሃ በሲሚንቶው ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ማንም ሕፃን አልሳቀም። ማናልሞሽን ያስፈራት አለመሳቃቸው ነው።

የሚቀየር ሱሪ ከቢሮ ልታመጣ ወጣች። ስትመለስ የትዝታ ወንበር ባዶ ነበር። ረዳቷ «ሽንት ቤት ብላ ወጣች» አለቻት። ሱሪውን እንደያዘች በሽንት ቤቱ በኩል ዞረች፤ ልጅቱ አፍራ ተደብቃ ይሆናል ብላ ስታስብ የራሷን ድምፅ ረሳች። «ትዝታ፣ የኔ ልጅ፣ የት ነሽ?» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ከሽንት ቤቱ ጀርባ የአጥሩ ቆርቆሮ ኳ አለ። ሮጣ ስትደርስ ቆርቆሮው ከሥሩ ተገንጥሎ ይወዛወዝ ነበር፤ በክፍተቱ የሚያልፈው ሕፃን ብቻ ነው። ከወዲያ የቡናው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ማንም የለም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ግማሽ ሰፈሩ ማሳው ውስጥ ነበር። ገሠሠ ባጃጁን መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ መጣ፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው፣ ፊቱ አመድ መስሏል። መምህራን፣ ቡና ኮትኳቾች፣ ወላጆች ተበታትነው «ትዝታ! ትዝታ!» ይላሉ። ጥሪው በበረታ ቁጥር ማሳው ጸጥታው በረታ። ማናልሞሽ ልጅቱ ለምን እንደማትመልስ ታውቃለች፤ ይህን የሚያውቁ ሌሎችም እንዳሉ ፊታቸውን አይታ ገባት፣ ግን ማንም ቀድሞ ሊናገረው አልፈለገም። የተናገረ ይገኛል። ዝም ያለ ይታለፋል። ልጅቱ የተማረችውን በትክክል እየሠራች ነው። በዚያ ላይ ሰማዩ ከቴፒ በኩል እየጠቆረ መጣ፤ ከማዶ ያለው ደን ደግሞ ነብር የሚያድርበት ነው ይሉ ነበር፣ ባይሆን እንኳ ወንዙ አለ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ስልክ ላይ ጌም የማያውቁ የቆዩ ሴት፣ ማናልሞሽን ክንዷን ያዟት። «ምነው ቆመሻል?» አሏት። «አንቺ ጥሪያት እንጂ! ያንቺን ድምፅ ትለየው የለ?»

እምቢ ማለት ነበረባት። ሰው ሁሉ ያያታል፤ የትኛው ዓይን እንደሚያዝዛት፣ የትኛው እንደሚከሳት መለየት አቃታት። «ትዝታ!» ብላ ጮኸች። ከሁሉም ድምፅ በላይ የሷ ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ሩቅ ሄደ፤ እነ እንድርያስም ያኔ የመረጧት ለዚሁ ነበር። ከቁልቁለቱ አጋማሽ ቡናው ተንኮሻኮሸ። የትንሽ እግር ሩጫ፣ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ፣ ከዚያ ምንም። ሁሉም ሰማ።

ገሠሠ እንዴት እንደደረሰባት አላየችም። ኮሌታዋን ጨምድዶ አስጠጋት፤ የቤንዚን ሽታ አለው። «ዝም በይ!» አላት ጥርሱን ነክሶ። «አፍሽን ያዢ! ሌሊት ሌሊት ማን እንደሚያባንናት አላውቅም መሰለሽ? አንቺ ነሽ! የገዛ ድምፅሽን አላውቀውም መሰለሽ?» «ማን ሰጣት ስልኩን?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ገሠሠ እጁ ላላ። ወደ ተናገረው ሰው አልዞረም፤ ማናልሞሽን ለቆ ቁልቁል ሮጠ። እሷ ባለችበት ቀረች። ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከአጠገቧ ፈቀቅ አሉ። አንዷ ድንጋይ ብታነሳ ሌሎቹም ያነሳሉ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፣ እነዚህ ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ፊደል አስቆጥራለች። ዓይኗ ግን ከእጆቻቸው አልተነሳም።

ዝናቡ ያኔ ወረደ። የዚያ አገር ዝናብ እንደሆነ ከጀመረ ፋታ አይሰጥም። ቅጠሉን ሲመታው ማሳው በሙሉ ያጓራ ጀመር፤ ጥሪው ተቋረጠ፤ ሰው በየዛፉ ሥር ተጠለለ። ማናልሞሽ አልተጠለለችም። ማንም እሷን አያያትም፣ ማንም አይሰማትም፤ ከጠዋት ወዲህ መጀመሪያ የተነፈሰችው ያኔ ነው። ጫማዋን አወለቀችና ቁልቁለቱን በቂጧም በእጇም እየተንሸራተተች ወረደች። ሰዎቹ የሚፈልጉት በወዲህኛው ዳር ነበር፤ ሕፃን ወንዝ ትሻገራለች ብሎ ያሰበ የለም። እሷ ግን ስለ ፍርሃት ከጠዋት ጀምሮ ተምራለች፤ የፈራ ሰው ወንዝ አይታየውም። ድንጋይ ለድንጋይ ተሻገረች። ውሃው ገና ጉልበቷ አልደረሰም ነበር። ከማዶ ያለው ደን ብርሃኑ ያነሰ፣ ሽታው የበሰበሰ ቅጠልና የኮረሪማ ነው። አልተጣራችም። አፏን ዘግታ፣ እያንዳንዱን ሥር፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ጎንበስ እያለች አየች። ከኋላዋ አንድ ነገር የሚከተላት እየመሰላት ትዞራለች፤ የሚከተላት የለም፤ እንደገና ትዞራለች። እጇ ስልክ አልያዘም እንጂ ጫካው ያው ቴዲ ያሳያት ጫካ ነበር፤ ጠሪዋም እዚያው ናት።

አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥሩ እንደ ግድግዳ ወጥቶ፣ መካከሉ ጎጆ መሰለ። ቀዩን የትምህርት ቤት ሹራብ ያየችው በዚያ ውስጥ ነው። ትዝታ ጉልበቷን አቅፋ፣ አገጯ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኖቿ ተበልጥጠው ታያታለች። ማናልሞሽ ባለችበት ቆመች፤ አንድ እርምጃ ብትጨምር ልጅቱ የምትበር መሰላት። ቀስ ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። መናገር አልቻለችም፣ መሄድም አልቻለችም። ዝናቡ በፊቷ ይወርዳል። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ የማናልሞሽን ቀሚስ ያዘችና ሳብ አደረገቻት። ማናልሞሽ በአራት እግሯ ገባች። ትዝታ ቀዝቃዛ ትንሽ መዳፏን አፏ ላይ ጫነችባት፤ ጆሮዋ ሥር ገብታ፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ፣ «ቲቸር፣ ዝም በይ። ትሰማሻለች» አለቻት።

ማናልሞሽ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ድምፅ ሳታወጣ። ልጅቱ እሷን ከጠሪዋ እየደበቀቻት ነበር። ሁለቱም ተቃቅፈው፣ ውሃ እያረጠባቸው፣ ያችን ሴት ሲፈሯት ቆዩ።

ዝናቡ ሲያባራ ማናልሞሽ ልጅቱን ታቅፋ ወደ ወንዙ ወጣች። የተሻገረችባቸው ድንጋዮች የሉም። ከላይ ደራሽ ውሃ መጥቶ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ያጓራል፤ ቅርንጫፍ እየገለበጠ ያልፋል። ከወዲያ ማዶ፣ ራቅ ብሎ፣ የሰዎቹ ድምፅ ወደ ላይ እየራቀ ነው፤ ወንዙን ትተው በትምህርት ቤቱ በኩል ሊፈልጉ እየተመለሱ ነው። ልጅቱ ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ስልኳ ትምህርት ቤት ቀርቷል፤ መጮህ አለባት። ብትጮህ ደግሞ ልጅቱ ከእቅፏ ተፈትልካ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ማናልሞሽ ክንዷን አጠበቀች፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ትዝታ» አለች፣ በሹክሹክታ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ጠሪዋ እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ደረቀች። ተንፈራገጠች፤ ማናልሞሽ ግን አለቀቀቻትም። ቶሎ ቶሎ ነገረቻት፤ አንዲት ጉሬዛ ነበረች፣ ልጇ ጠፋባት፣ ጉሬዛ ደግሞ እንደ ሰው መናገር አትችልምና እኔ ተናገርኩላት፣ በጆንያ ውስጥ ተቀምጬ፣ እያስነጠሰኝ። ሲገናኙ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ኋላ ሌሎች ሰዎች መጥተው ፀሐዩን አወጡት፣ ጨለማ አስገቡበት። ትዝታ መታገሏን አቆመች። አፏን እያየች ታዳምጣለች።

«ልጇን ነው የምትጠራው?»

«ልጇን ነው።»

«ጉሮሮሽ ውስጥ ናት?»

«አዎ።»

ትዝታ አሰበች። ከዚያ መዳፏን አንስታ ማናልሞሽ ጉሮሮ ላይ አደረገችው፤ ትኩስ ምጣድ የሚነካ ሰው ዓይነት አነካክ ነበር፣ ለመሸሽ የተዘጋጀ። «እስኪ ትጣራ» አለች። ማናልሞሽ አየር ሳበች። አፏ አልከፈት አላት። ሁለተኛ ሳበች። «የትዝታ አባት!» ብላ ጮኸች። «የትዝታ አባት! እዚህ ነን! ከወንዙ ማዶ!» ከመዳፏ ሥር የማናልሞሽ ጉሮሮ ሲርገበገብ ለልጅቱ ተሰማት፤ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ግን አላነሳችም። ማናልሞሽ ደግማ ጮኸች፣ ሰለሰች። በሦስተኛው አጠገቧ ሌላ ቀጭን ድምፅ ተነሳ፤ ትዝታ «አባቢ!» አለች።

የተሻገሩት ረጅም ቀርከሃ ተቆርጦ፣ ጎረምሶች በሁለት ወገን ይዘውላቸው ነው። ገሠሠ ውሃው እስከ ብብቱ ገብቶ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀመጣት፤ ሲመለስ ለማናልሞሽ እጁን ሰጣት። ይቅርታ አላላትም። ዳር ሲወጡ ውሃው ከመግባቱ በፊት አውልቆ የጣለውን ጃኬት አንስቶ ሰጣት፤ እሱ በሸሚዙ ቀረ። ሰዎቹ ከበቧቸው፤ አንዲት እናት ማናልሞሽን ልትስም ተጠግታ ኋላ ያፈረች መሰለች፣ የልጅቱን እግር ሳመች። «የት አገኘሻት?» አሉ ዳይሬክተሯ። ማናልሞሽ ልትመልስ ስትል ትዝታ ቀደመቻት። «እኔ ነኝ ያገኘኋት» አለች።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርዱ ትዝታ በማናልሞሽ እቅፍ ውስጥ፣ በጃኬቱ ተጠቅልላ ነበር። ገሠሠ ይነዳል፤ ባጃጇ ኩሬ ውስጥ ስትገባ ብቻ ወደ ኋላ በመስተዋት ያያቸዋል። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ስልኩን ከእንግዲህ…» ብሎ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ተወው። ማናልሞሽ ነገ ትምህርት ቤት ይቀበሏት እንደሆነ፣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ምን እንደምትላቸው፣ ማታ እናቷ በሩን ከፍታ ትጠብቃት እንደሆነ አላወቀችም። ጫማዋ ማሳው ውስጥ ቀርቷል።

አደባባዩ ጋ መንገድ ተዘግቶ ቆሙ። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ጎንበስ ብለዋል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ በሆነው ጸጥታ ድምፁ ጥርት ብሎ ወደ ባጃጇ ገባ። «ልጄ፣ የት ነህ? ድምፅህን አሰማኝ።» የገሠሠ ጀርባ ተገተረ። ማናልሞሽ ልጅቱን ወደ ደረቷ ጨመቀቻት፤ ጆሮዋን ልትሸፍንላት እጇን አነሳች። ትዝታ ግን ከጃኬቱ ውስጥ ጭንቅላቷን አወጣች፤ ወደ በረንዳው ዞራ አዳመጠች፤ ግንባሯ ተኮማተረ።

«ቲቸር» አለች፣ «እስካሁን ልጇን አላገኘችውም እንዴ?»

ወጣቶቹ ባጃጇ ውስጥ ማን እንዳለ አላዩም። ገሠሠ በመስተዋት እያያት መልሷን ይጠብቃል።

«አላገኘችውም» አለች ማናልሞሽ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።